በክረምት የሚራቆተውን ዛፍ በማሳ ውስጥ ማሳደግ

በነሐሴ ወር ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ባቱ የሚጓዝ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ጤፉም ስንዴውም በልምላሜው ላይ ነው፤ በመካከሉ ግን ግዙፍ ዛፎች ቅጠል አልባ ሆነው ቆመዋል። የደረቁ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አልደረቁም። የአካባቢው ገበሬ በኦሮምኛ ገርቢ የሚለው ይህ የግራር ዘር ቅጠሉን የሚያራግፈው ዝናብ ሲመጣ ነው፤ መልሶ የሚለመልመው በበጋ ነው። ስለዚህ ሰብሉ ፀሐይ በሚፈልግበት ጊዜ አያጠላበትም። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያለማል፤ ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል፤ ፍሬው ደግሞ መኖ በሚጠፋበት በጋ ለከብት ይደርሳል።

ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ተመራማሪዎችም ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው ዛፍን ከምግብ ዋስትና ጋር ያያያዘ ፕሮጀክት ሞጆ አካባቢ ከጥናት ቦታዎቹ አንዱ ነበር። እዚያ የተሠሩ ሥራዎች በገርቢ ሥር የበቀለ ስንዴ ከዛፍ ርቆ ከተዘራው የተሻለ ፍሬ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ችግሩ ዛፉ እያነሰ መሄዱ ነው። ለአጥር፣ ለማገዶና ለከሰል ይቆረጣል፤ አሮጌው ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ ደግሞ የለም።

የመጀመሪያው ሥራ ታዲያ ችግኝ ጣቢያ መሄድ አይደለም፤ ማሳን መዞር ነው። ከብት የገርቢን ፍሬ ሲበላ ዘሩ ሳይፈጭ ከእበቱ ጋር ስለሚወጣ፣ ፍግ በገባበት መሬት ላይ ቡቃያው በራሱ ይበቅላል። ብዙ ጊዜ ማረሻ ነቅሎት ያልፋል። ገበሬው ከእርሻ በፊት ማሳውን በእግሩ ዞሮ ያገኘውን ቡቃያ ሁሉ ረጅም እንጨት አጠገቡ ተክሎ ምልክት ያድርግበት፤ አራሹም እዚያ ሲደርስ ማረሻውን አንስቶ ይለፍ። በመጀመሪያ በየ10 ሜትሩ አንድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር 25 ያህል ቢቀር ይበቃል። ዛፎቹ አድገው ቅርንጫፋቸው ሲገናኝ እያሳሱ በሄክታር ከ20 እስከ 25 ማድረስ ይቻላል፤ የሚወጣው እንጨትም ለቤት ይሆናል።

በማሳው ውስጥ የተቆረጠ የዛፍ ጉቶ ካለም ዕድል ነው። ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራና ቀጥ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ ሌላውን መቁረጥ ነው። ሥሩ ቀድሞ መሬት ውስጥ ስላለ ቀንበጡ ከአዲስ ችግኝ በፍጥነት ያድጋል። በዚሁ ዘዴ በወላይታ ሁምቦ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ማገገም ጀምሯል፤ በኒጀርም ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አንስቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር ማሳ ዛፍ አልብሰዋል።

ቡቃያ የሌለበት ማሳ ላይ ዘር ማፍላት የግድ ነው። በበጋ የበሰለውን ፍሬ ሰብስቦ ዘሩን መፈልፈል፣ ከዚያ ውኃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድና ዘሩን ጨምሮ እስኪቀዘቅዝ፣ ቢቻል ሌሊቱን፣ ማሳደር ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ያለዚህ ብዙው አይበቅልም። ገርቢ ከግንዱ በፊት ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ አጭር የፕላስቲክ ከረጢት አይበቃውም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ይመረጥ። ጉድጓዱ ዝናብ ሳይጥል ይቆፈር፤ የላይኛው ለም አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ወደ ሥሩ ይመለስ። ተከላው ክረምቱ በደንብ ሲይዝ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፍየል ነው። መኸር እንደተነሳ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ማሳው ለልቅ ግጦሽ ክፍት ይሆናል፤ ያኔ ያልታጠረ ቡቃያ አይተርፍም። በእያንዳንዱ ዙሪያ የእሾህ ቅርንጫፍ መከመር ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ገበሬ ብቻውን የመንደሩን ከብት ሊያስቆም አይችልም። ጎረቤቶች ተሰብስበው የትኛው ማሳ መቼ ለግጦሽ እንደሚከፈት ሊስማሙ ይገባል። ችግኝ ተክሎ ይህን ስምምነት መተው ከንቱ ድካም ነው።

ዛፉ ከከብት አፍ በላይ ሲደርስ የታችኛው ቅርንጫፍ ይመልመል፤ በሬና ማረሻ በሥሩ እንዲያልፉ። ከላይ ያለውን አናት በሙሉ መላጨት ግን ቅጠሉንም ፍሬውንም ያሳጣል። በዚህ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚበዛው ሌላው ግራር፣ ደደቻ፣ በክረምትም ቅጠሉን ስለማይጥል እሱ ያጠላል፤ በማሳ ውስጥ ከቆመ ጠበቅ ያለ ምልመላ ያስፈልገዋል። ባሕር ዛፍ ከሰብል ርቆ ይተከል፤ ሽፈራውና ፓፓያ ደግሞ ለእንክብካቤ እንዲያመቹ ከቤት አጠገብ።

ዛፉ ብቻውን አፈሩን አያድነውም። የስምጥ ሸለቆው መሬት በብዙ ቦታ ቀላልና አሸዋማ ስለሆነ ዝናቡን አይዝም፤ ዝናቡም አንዳንዴ መሐል ላይ ይቋረጣል። አዋሽ መልካሳ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ የሚመክረው መንገድ አለ፤ በቆሎና ቦሎቄ በመስመር ይዘሩና በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦይ በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ይገደባል። ውኃው ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋል። ማዕከሉ ለዚህ ሥራ ከማረሻ ጋር የሚገጠም መሣሪያም ሠርቷል። ውኃ በሚያቁርበት ጥቁር መሬት ላይ ግን ቦዩን መገደብ ሰብሉን ይጎዳል።

ከቦሎቄ ቀጥሎ በቆሎ ወይም ጤፍ መዝራት መሬቱን ያሳርፋል። ቦሎቄው ሲሰበሰብ ከሥሩ ከመንቀል በማጭድ ማጨድ ይሻላል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። የጤፍ ጭድ ለመኖና ለግድግዳ ጭቃ፣ የበቆሎ አገዳ ለማገዶ ስለሚፈለግ ሁሉንም ማሳ ላይ መተው የማይቻል ነው፤ ሲሶውን ማስቀረት ግን ይቻላል። እበቱም ኩበት ሆኖ ምድጃ ከሚገባ፣ ከዛፎቹ የሚመለመለው እንጨት ማገዶውን ሲሸፍን ወደ ማሳ ይመለስ። በውስጡ ያለው የገርቢ ዘርም አብሮ ይሄዳል።