ከሱቃችን በር የወጣው ቆሻሻ ባለቤቱ ማን ነው?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን በተለይ አሶሳ ከተማ ውስጥ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ሥጋ ቤት ወይም ጋራዥ ላላችሁ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ቆሻሻው ከቤታችሁ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ መኪና እስኪያነሳው ድረስ የማን ነው?

ብዙዎቻችን «የማዘጋጃ ቤቱ ነው» እንላለን። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ካርቶኑና ፌስታሉ ቦይ ዳር ይጣላል። በማንጎ ወቅት ልጣጩና ፍሬው በተቀደደ ማዳበሪያ ታጭቆ በር ላይ ያድራል። ውሻና ፍየል ይበትኑታል፤ ዝንብ ይወረዋል። የአሶሳ ዝናብ ደግሞ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የተበተነውን ፌስታል ጎርፍ ይወስደውና ቦዩን ይደፍነዋል፤ መሄጃ ያጣው ውሃ ታች ያለው ሰው ቤት ይገባል። ያ ሰው ከእናንተ አንድ ብርጭቆ ጁስ እንኳ ገዝቶ ላያውቅ ይችላል። ሐቁ ግን በእናንተ ላይ ነው።

ዲናችን እዚህ ላይ ምን ይላል?

አንደኛ፦ መንገድ የሁሉም ሐቅ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ማንሳትን ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በጠረኑ ሌሎችን እንዳያስቸግር ወደ መስጂድ እንዳይመጣ አዘዋል። ታዲያ ሰጋጁ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲበሰብስ የሚውል ክምርስ? ማንሳቱ ከኢማን ከሆነ፣ ማስቀመጡን ምን እንበለው?

ሁለተኛ፦ ዑለሞች ጉዳዩን በምክር ብቻ አልተዉትም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አል-ሸይዘሪ ለሙሕተሲብ፣ ማለትም ለገበያ ተቆጣጣሪ፣ በጻፉት መመሪያ ነጋዴዎች ገበያቸውን ከተጠራቀመ ቆሻሻና ጭቃ እንዲያጸዱ እንዲታዘዙ ጽፈዋል። በኦቶማን ዘመን፣ ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ.፣ በሐነፊ መዝሀብ መሠረት የተዘጋጀው መጀላ ደግሞ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ነገር አስቀምጦ በዚያ ሰበብ ጉዳት ቢደርስ አስቀማጩን ካሳ ያስከፍለዋል። እንግዲህ ነገሩ መንገድ ላይ ስለወጣ ብቻ ባለቤት አልባ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ «ሂድ ጣለው» ብለን የላክነው ልጅ በጨለማ ቦይ ውስጥ ቢደፋው፣ እኛም አብረን እንጠየቃለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና በኃላፊነታችን ሥር ስላለው እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። የት እንደሚጣል አሳይተነዋል? ወይስ ከዓይናችን እንዲርቅ ብቻ ነው የፈለግነው?

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ምግብ ቤቶች የምግብ ቆሻሻቸውን አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እንዲሰበስቡ፣ እንዲያስቀምጡና እንዲያስወግዱ ግዴታ ጥሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

«ግብር እንከፍላለን፤ መኪናው ለምን ይዘገያል?» ትሉ ይሆናል። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠይቁም። ግን የሌላው ሰው መዘግየት የእኛን አማና አያወርደውም። አደራ የተቀበለ ሰው ተረካቢው እስኪመጣ ይጠብቃል እንጂ መንገድ ላይ ጥሎት አይሄድም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እርጥቡንና ደረቁን ለዩ። ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍና የጫት ገረባ ክዳን ባለው በርሜል፣ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለብቻው። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ይገዛዋል፤ ልጣጩ ለከብት ወይም ለኮምፖስት ይሆናል።

2. በርሜሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ በር የሚወጣው በማንሻው ሰዓት ብቻ ይሁን። ቦታ የሚጠብባችሁ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተዋጥታችሁ አንድ ትልቅ በርሜል ግዙ፤ በተራ አጽዱት።

3. የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ በካርቶን ጠቅልሉ። ቆሻሻችሁን የሚያነሳው ወጣት ጓንት ላይኖረው ይችላል፤ እጁ እንጀራው ነው።

4. የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ በጀሪካን አጠራቅሙት። ፕላስቲክም አታቃጥሉ፤ መርዛማው ጭስ የጎረቤት ልጆች ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ለይቶ ማስቀመጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከከተማ ወጥቶ የሚከመረውን ይቀንሳል። ከዓይናችን የራቀ ቆሻሻ ከሰው ራቀ ማለት አይደለምና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከተማው ለዓመታት ያወጣው ቆሻሻ እዚያ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ላይ ወደቀ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሐላል ሪዝቅ ማለት የሚሸጠው ዕቃ ሐላል መሆኑ ብቻ አይደለም። ትርፉን ወደ ቤታችን ይዘን ገብተን ጉዳቱን ለጎረቤት ከተውን፣ ሒሳባችን ገና አልተዘጋም። ዛሬ ከሰላት ስትመለሱ የሱቃችሁን በርና ፊት ለፊቱ ያለውን ቦይ እዩ። የእናንተ የሆነውን ነገር ለነገ ሳትሉ አንሱት።

አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችሁን ይባርክላችሁ፤ ከሰው ሐቅም ይጠብቀን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ! ወሏሁ አዕለም።