የመምህሩ ክረምት

በከፋ አገር፥ ቡና በዱር በሚበቅልበት በማንኪራ፥ አንድ ወጣት መምህር ነበረ። ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ወደ ቆላ ወርዶ በወባ ታመመ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም፤ ወባ ስትሄድም ዕቃዋን ትታ የምትሄድ እንግዳ ናትና።

ማለዳ ማለዳ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ወዳጄ ልቤ» ይከፍታል፤ ከአንድ ገጽ በኋላ ግን ፊደሉ ይደበዝዝበታል። ስለዚህ አንዲት ተማሪው እየመጣች ታነብለት ጀመር። እርስዋም በየቃሉ ትሰናከል ነበር።

«መምህር፥ ልድገመው?»

«ድገሚው፤ ዘንድሮ እኔም ቀስ ብዬ ተራማጅ ነኝ» ይላታል። ደኅና ሳለ ግን ቶሎ ይቈጣ ነበር።

ማታ ክራሩን ያነሣል። የክራሩ ጅማት በእርጥበት ቅኝቱን ይለቃል፤ ጣቱም ይደክማል። በሐምሌ ትዝታን ብቻ መታ፤ በነሐሴ ባቲን ጨመረ፤ ልጅቱም አንድ ገጽ ሳትሰናከል ጨረሰች።

መስከረም ሲጠባ በትር ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ በመንገድም ሁለት ጊዜ ዐረፈ።