መጫወቻው ማንን ይጋብዛል?

እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በአሜሪካ ከ499 ዶላር ጀምሮ ሲሸጥ፣ የኒንቴንዶ ዊ 249 ዶላር ነበር። ሶኒም ሆነ ኤክስቦክስ 360ን ያወጣው ማይክሮሶፍት በጠራ ምስልና በኃይለኛ ማሽን ጌም የለመደውን ተጫዋች ፈለጉ። ኒንቴንዶ ያየው የቀረውን ቤተሰብ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚመስለውን መቆጣጠሪያ ይዞ ክንድን ማወዛወዝ ይበቃ ነበር፤ በአረጋውያን መኖሪያዎች ሳይቀር ቦውሊንግ ተጫወቱበት።

ማኅበራዊ ሥራ ለምንማር ሰዎች ነገሩ ቅርብ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚቸግራቸው አያት አሥር ቁልፍ ያለው ነገር ሲሰጧቸው «ልጄ፣ ለእኔ ይቅርብኝ» ይላሉ። ፋይላቸው ላይ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ያስቀራቸው ግን መሣሪያው ሊሆን ይችላል።

ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ሁለቱንም በለጠ። ያ ሁሉ ቤተሰብ ግን ቋሚ ደንበኛ አልሆነም፦ በ2012 የመጣው ተተኪው ዊ ዩ 14 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።