አንዳንዴ የሚነሣ፣ አንዳንዴ እምቢ የሚል ሞተር

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

የመኪና ሞተር ጨርሶ አልነሣም ካለ ምክንያቱን ማግኘት ብዙ አያስቸግርም፤ ብልሽቱ የትም አይሄድምና። አስቸጋሪው ጠዋት ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሥቶ ቀትር ላይ እምቢ የሚለው፣ ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ እንደ ጤነኛ የሚነሣው ነው። ለእንዲህ ያለው ብልሽት ከመፍቻ በፊት ጥያቄ ያስፈልጋል።

በአሮጌ ቮልስዋገን በየሱቁ እየዞረ ሳሙና የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ ለምሳሌ እንውሰድ። መኪናዋ ጠዋት ያለ ችግር ትነሣለች። ከቃሊቲ መርካቶ ደርሳ ጥቂት ከቆመች በኋላ ግን ቁልፉ ቢዞር ዝም ትላለች። ነጋዴው ባትሪው ደክሟል ብሎ የወር ገቢውን ግማሽ አውጥቶ አዲስ ገዛ። መኪናዋ ግን በሦስተኛው ቀን የቀድሞ ጠባይዋን ደገመች። ከዚህ ሁሉ የተጠቀመ ቢኖር ባትሪ ሻጩ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የሄደበት መካኒክ መፍቻ ሳያነሣ፣ «ጋሼ፣ እምቢ የምትለው ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ቁልፉን ሲያዞሩ ምን ድምፅ ይሰማሉ? የፊት መብራቱስ ይደክማል?» ሲል ጠየቀው።

ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ደብዝዞ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ፈጣን ድምፅ ቢሰማ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ ዝም ቢል ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። መብራቱ እንደ ደመቀ ሆኖ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ግን፣ ሞተሪኖው ላይ ያለው መግነጢሳዊ ማብሪያ በቂ ኤሌክትሪክ አላገኘም ማለት ነው። የነጋዴው መልስ ይህ የመጨረሻው ነበር፤ እምቢታውም ሲሞቅ ብቻ ነው።

የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ባትሪዋም ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል። ይሁን እንጂ ለመግነጢሳዊው ማብሪያ የሚላከው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ፊት ሄዶ በቁልፉ በኩል ካለፈ በኋላ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ያሉት መጋጠሚያዎች ከዘመን ብዛት ስለሚዝጉ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ቮልት ይባክናል። በሌላ በኩል፣ የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የኤሌክትሪክን መተላለፍ በመቶ 0.4 ያህል ይበልጥ ያውካል። ከጋለው ሞተር አጠገብ ያለው ጥቅልል በ60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ እንቅፋቱ በመቶ 24 ጨመረ ማለት ነው። ጠዋት በጭንቅ ይበቃ የነበረው ኃይል ቀትር ላይ ያንሳል።

መካኒኩም መኪናዋን እስክትሞቅ ነዳትና እምቢ ባለች ጊዜ ማርሹን አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ለካ። ቁልፉ እንደ ዞረ ባትሪው ላይ 12 ቮልት ሲነበብ፣ በማብሪያው ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ 8 ብቻ ተገኘ። መጋጠሚያዎቹን ጠርጎ፣ ያረጀውን የቁልፍ ማብሪያ ለወጠው። ቀዝቅዛ ሳለች ለክቶ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ትነሣበት ነበር።

መልመጃ

1. ነጋዴው አዲስ ባትሪ ከመግዛቱ በፊት የትኛውን ምልክት ማስተዋል ነበረበት?
2. መካኒኩ መኪናዋን እስክትሞቅ የነዳት ለምንድን ነው?
3. «ጠባይዋን ደገመች» የሚለውን ሐረግ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።
4. ጥቅልሉ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ እንቅፋቱ በመቶ ስንት ይጨምራል?