ጫጩት ዓሣን ከመረብ ማዳን

ጥያቄ፦ በዋግ ኽምራ በኩል ተከዜ ግድብ ላይ ዓሣ አሰግራለሁ። ሰቆጣ ገበያ የማይፈልገው ጥቃቅን ቆሮሶ መረቤን እየሞላ አስቸገረኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቁልፉ የመረቡ ዓይን ነው። ዓሣው ጭንቅላቱን አሾልኮ ወደ ኋላ ሲል ክሩ የጉንጩን ክዳን ይይዘዋል፤ ዓይኑ ሰፋ ካለ ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። ስለዚህ ጠባቡን መረብ ይተዉት።

ሁለተኛ፣ የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቷንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አንዲት እናት ስትያዝ ዘሯም አብሮ ያልቃል። በመራቢያ ወቅት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ መረብ አይዘርጉ።

መረቡን ማልደው ያውጡ፤ በሕይወት ያለውን ትንሽ ዓሣ በእርጥብ እጅ ፈትተው ይልቀቁ። የተበጣጠሰ መረብም ውኃ ውስጥ አይጣሉ፤ ባለቤት ባይኖረውም መያዙን አይተውም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለ፣ አዲስ መረብ ከመግዛትዎ በፊት የሚፈቀደውን የዓይን ስፋት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።