ገበሬ ሆኖ መጫወት

«ትያትር መሥራት ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል?» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ልጃቸው ኮሌጅ ገብቶ ትያትር መማሩን የሰሙ አንዳንድ ወላጆችም ያዝናሉ። «ሐኪም ይሆንልኛል ስል አጫዋች ሊሆንብኝ ነው» ይላሉ። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚማር እንመልከት። ከዚያ በኋላ እናንተው ፍረዱ።

በመድረክ ወይም በቴሌቪዥን የገበሬ ታሪክ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ገበሬ ሆኖ የሚወጣው ሰው የተቀደደ ልብስ ይለብሳል። ዱላ ይይዛል። ያለ ምክንያት ይጮኻል። አፉን ከፍቶ ፎቅ ያያል። ተመልካቹም ይስቃል። ይህን የሚያይ ገበሬ ግን «ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቀየማል። ቢቀየም እውነት አለው። ያ ተዋናይ ገበሬን ቀርቦ አላየም። ስለዚህ የትወና ትምህርት የሚጀምረው ከማየት ነው።

ሰውነትና ድምፅ

ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የሚሠሩት በገዛ ሰውነታቸው ነው። አዲስ አራሽ እርፉን አንቆ ይይዛል። ክንዱ ቶሎ ይደክማል፤ ፈሩም ይጣመማል። አዲስ ተዋናይም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲያየው ይፈራል። አንገቱ ይደርቃል፤ ድምፁ ይቆረጣል። ስለዚህ ሰውነትን ማፍታታትና በሆድ መተንፈስ ይማራል። ከማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ሰው በመጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል። ተዋናይም ጉሮሮውን ሳይጎዳ ከኋላ እስከተቀመጠው ሰው ድረስ የሚሰማ ድምፅ ማውጣት አለበት።

ቀጥሎ ገበያ ሄዶ ሰው እንዲያይ ይታዘዛል። ሸክም ተሸክሞ የመጣ ሰው ሸክሙን እንዳወረደ ትከሻው ወዲያው አይቃናም። ተማሪው ይህን ልብ ብሎ ያያል። ተመልሶም ያለ ቃል ለጓደኞቹ ያሳያል።

ምን እፈልጋለሁ?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ አንዲትን ተማሪ እንዲህ ብሎ አዘዛት እንበል፦ «ልጅሽ ታሞ ጤና ጣቢያ አስገብተሻል። አንቺ ደጅ ሆነሽ ትጠብቂያለሽ።» ተማሪዋ ወዲያው ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ደረቷን መታች።

መምህሩ አስቆማት። «አንቺ እኮ እኛን እያየሽ ነው፤ በሩንስ ማን ይየው?» አላት። ከዚያም ጠየቃት። «ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው? ከቤት ስትነሺ ስንት ሰዓት ነበር? አዝለሽ ነው ያመጣሽው ወይስ በቃሬዛ? ከዚያ በር የሚወጣውን ሰው ምን ልትጠይቂው ትፈልጊያለሽ?»

ተማሪዋ እያሰበች መለሰች። እንደገናም ጀመረች። አሁን አላለቀሰችም። ባዶውን አንቀልባ አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች። በሩን አየች። ኮቴ ስትሰማ ብድግ አለች። ያልጠበቀችው ሰው ሲሆን መልሳ ተቀመጠች። አንቀልባውን እንደገና አጣጠፈች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ትምህርቱ ይህ ነው። ተዋናይ «ሐዘን ልጫወት» ብሎ አይነሣም። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። የሚፈልገውን ለማግኘት ይሠራል። ሐዘኑ ከሥራው ይመጣል።

ሌላው ነገር ማዳመጥ ነው። በሽምግልና ላይ ባላጋራው የሚለውን ሳይሰማ መልስ የሚያዘጋጅ ሰው ይሳሳታል። ተዋናይም ተራውን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ መልሱ ለጥያቄው አይሆንም። ተመልካቹም ይህን ያውቅበታል።

የሞስኮው ታሪክ

ይህን የትምህርት መንገድ ካደራጁት ሰዎች ዋነኛው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 በሞስኮ ተወለደ፤ በ1938 ሞተ። በ1902 ቶልስቶይ ስለ ገበሬዎች የጻፈውን አንድ ትያትር ሊያዘጋጅ ተነሣ። ለዚህም ሥራ ቱላ ወደሚባለው የገጠር ክፍል ሄዶ ቤቱን፣ ልብሱንና ዕቃውን አጠና። ልብስና ዕቃ ወደ ሞስኮ አስመጣ። አንድ ሽማግሌና አንዲት ባልቴት ገበሬዎችም አብረው መጡ።

ባልቴቷ በልምምድ ላይ ሲጫወቱ እጅግ እውነተኛ ስለነበሩ ሌሎቹ ተዋናዮች ሐሰተኛ መሰሉ። ነገር ግን የተጻፈውን ቃል እየተዉ ስድብ ይጨምሩበት ስለነበር ዋናውን ቦታ ሊሰጧቸው አልቻሉም። ከሌሎች ሰዎች መካከል ቢያቆሟቸውም የሌሎቹን ጉድለት አጋለጡ። ስታኒስላቭስኪ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ስሕተቱን አልደበቀም። ልብሱና ዕቃው የገበሬ ነበር፤ የተዋናዮቹ ውስጥ ግን አልሞላም ነበር።

በአገራችን

በአገራችንም በቀድሞው ጊዜ መድረክ ላይ መውጣት ለሴት ነውር ስለሚባል የሴቶችን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። በኋላ ግን ሴቶችም ወጡ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ሙያው እንደ ሌላው ሙያ በክፍል ውስጥ የሚማሩት ሆነ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ የሚማረው ሰውን ማየት፣ ሰውን ማዳመጥና በሌላው ሰው ቦታ ሆኖ ማሰብ ነው። ይህን በደንብ የተማረ ልጅ ገበሬ ሆኖ ሲጫወት በአባቱ ላይ ሰው አያስቅም። አባቱን ያሳያል።

አዳዲስ ቃላት

ተዋናይ፦ በትያትር ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ የሚጫወት ሰው
ትወና፦ የተዋናይ ሥራ
ልምምድ፦ ትያትሩ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ደጋግሞ መሥራት

ጥያቄዎች

1. ገበሬው በመድረክ ላይ ባየው ነገር ለምን ተቀየመ?
2. ተማሪዋ በሁለተኛው ጊዜ ምን አደረገች? ክፍሉስ ለምን ጸጥ አለ?
3. በሞስኮው ትያትር ምን ተሟላ? ምንስ ጎደለ?
4. ሰባት ወይም ስምንት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። አንዳችሁ የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው ሁኑ። በሬው የማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ጠፋ? ካልተገኘ ምን ይሆናል? ይህን ካሰባችሁ በኋላ ያለ ቃል አሳዩ። ሌሎቹ ያመኑትንና ያላመኑትን ይናገሩ።