የሐና ዕንባና የኤልያስ ዝምታ

ካህኑ ዔሊ በሴሎ መቅደስ በር ተቀምጦ ሳለ፥ ከንፈርዋ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያያት ሐና የሰከረች መሰለችው (1ሳሙ. 1፥12-14)። ኀዘንዋን ከመልክዋ ብቻ ስለ መዘነ ተሳሳተ። ነቢዩ ኤልያስ ደግሞ ነፍሱ በተጨነቀች ጊዜ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ነገ. 19፥3-4)። አንዲቱ ኀዘንዋን ወደ መቅደስ ይዛ መጣች፤ አንዱ ግን ይዞት ከሰው ሸሸ። ሴት ሁሉ እንደ ሐና፥ ወንድ ሁሉ እንደ ኤልያስ ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ሁለቱንም በአንድ ግቢ አየናቸው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው አከበሩ። በልደታ፥ በጌጃ ሰፈር ያሉትን የንስሐ ልጆቻችንን በዚያ ወራት ከደጅ ቆመን እንጠይቅ ነበር። ከንስሐ ምሥጢር አንዳች አንነካም፤ የምንጽፈው ጎረቤት ሁሉ ያየውን፥ ባልና ሚስቱም የፈቀዱልንን ብቻ ነው።

ግቢው ብዙ ቤተ ሰብ ያለበት፥ ቧንቧውና መጸዳጃው የጋራ የሆነ ነበር። እጅ ታጠቡ የሚለው ትእዛዝ ለሁሉም ወጣ፤ ውሃውን የምትቀዳው ግን እናት ነበረች። ከትምህርት ቤት የቀሩትን ልጆች የምትይዝ፥ አሮጊቲቱ ባሳሉ ቍጥር ሌሊት የምትነቃም እርስዋ ናት። ልብስ በማጠብ ታገኘው የነበረው ገንዘብ ቀረ፤ በሽታ ይገባብናል ብለው ደጃቸውን ዘግተውባታልና። ይልቁንም የከበዳት መተንፈሻዋ መዘጋቱ ነው፤ የጎረቤት ቡና፥ ጽዋው፥ ሰንበቴው፥ የልቅሶ ቤቱ ሳይቀር ተቋረጠ። ግንቦት 1 ቀን በልደታ ምን እንደሚደረግ አንባቢ ያውቃል፤ ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ፥ ንፍሮ ቀቅሎ፥ ቡና አፍልቶ እመቤታችንን እያመሰገነ ይውላል። በዚያ ዓመት ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና፥ ያች እናት ንፍሮዋን በየደጁ በሰሐን እያስቀመጠች ተመለሰች። በማግሥቱ «አባ፥ ልቤን ያፍነኛል፤ እንቅልፍም ከዳኝ» ብላ ላከችብን። እኛም «በርቺ፥ ጸልዪ» ብለን መለስን፤ ከዚህ የበለጠ አላልንም።

ባልዋ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሥራው ከቆመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ በግቢው በር ቆሞ ይውላል፤ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደህና ነኝ» ይላል። ዝምታውን ትዕግሥት አድርገን በሰው ፊት አመሰገንነው። ሌሎች ወንዶች በቁጣና በአረቄ ገለጡት፤ ቁጣቸውም በሚስትና በልጅ ላይ አረፈ። ይህን ስንል ለዱላ ምክንያት መፈለጋችን አይደለም፤ የተመታችውን ሴት ታገሺ ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ከዔሊ ስሕተት የከፋ ነው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ በዓለም ላይ ከጨመራቸው የድባቴ ሕመምተኞች 35 ሚሊዮን ያህሉ ሴቶች፥ 18 ሚሊዮን ያህሉ ወንዶች እንደ ሆኑ ተገምቷል። ከዚህ ተነሥቶ ለወንዶች ቀለላቸው ማለት አይገባም፤ በዓለም ላይ ራሳቸውን አጥፍተው የሚሞቱት ወንዶች ከሴቶቹ በእጥፍ ያህል ይበልጣሉና። ሕመሙን የሚናገር ይቈጠራል፤ ደህና ነኝ ያለው ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

በሰኔ ወር ያ አባወራ አንድ ሌሊት ወጥቶ ቀረ። ጎረቤት ሲፈልገው አድሮ፥ ሲነጋ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘው፤ መኖር እንደ ሰለቸው ያን ጊዜ ተናገረ። መልአኩ ኤልያስን አልገሠጸውም፤ ዳስሶ ቀሰቀሰው፥ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፥ ዳግመኛም እንዲተኛ ተወው። እኛም ስብከቱን ትተን ቁርስ አቀረብንለት፤ በማግሥቱም ከሚስቱ ጋር ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰድነው። ከጠበል ጋር ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚሉ አባቶች አሉ፤ ነገር ግን ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለመድኃኒት የጻፈውን እያነበቡ ይህን ማለት እንዴት እንደሚቻል አይገባንም።

ሐኪሙ ባልዋን ከጨረሱ በኋላ ወደ እርስዋ ዞረው «አንቺስ፥ እንቅልፍ ከተኛሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብለው ጠየቁአት። እኛ አጠገብዋ ቆመን ነበር። ያን ጊዜ ከግንቦት ጀምሮ የያዘችውን ዕንባ አፈሰሰች።